ከጥቅልሉ አጠገብ የተሳለው ቀለበት

ሩሽዲ ሐሊም ሃያ አራት ዓመት ሙሉ አንድ ሥራ ብቻ ነው የሠራው። ከአንቴና ቀጥሎ የሚቀመጠውን፣ ከሩቅ ደክሞ የመጣውን የሬዲዮ ሞገድ ተቀብሎ የራሱን ጫጫታ ሳይጨምርበት የሚያጎላውን ማጉያ ይነድፋል። ሲነገር ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ሙቀት ያለው ነገር ሁሉ ይንጫጫል፤ ሽቦውም፣ ቺፑም፣ አንቴናውም። ያንን ጫጫታ በዴሲቤል ሽርፍራፊ እየለካ ሲቀንስ ፀጉሩ አለቀ። ለምን አላገባህም ሲሉት ጊዜ አጣሁ ይላል። ውሸቱን ነው። አንዲት ሴት ጠይቆ ነበር፤ እሷም ንግግሩን ሳይጨርስ ሳቀችበት፤ ከዚያ ወዲያ አልሞከረም።

አሁን በእጁ ያለው ማጉያ የመጨረሻው ነው። ከሦስት ወር በኋላ ስልሳ ዓመት ይሞላውና ጡረታ ይወጣል። ይሄኛው ስምንት ደረጃ አለው። ሞገዱ ደክሞ ሲመጣ ሙሉ ለሙሉ ይከፈታል፤ ተቀባዩ ከማሰራጫው ማማ ሥር ሆኖ ሞገዱ ሲያደነቁረው ደግሞ ደረጃ በደረጃ ይዘጋል፤ ጎረቤት ሠርግ ሲደግስ መስኮት እንደሚዘጋው ማለት ነው። በወረቀት ላይ እንከን አልነበረበትም። ቺፑ ከፋብሪካ ተሠርቶ ሲመጣ ግን፣ ሙሉ ለሙሉ ሲከፈት አንድ ነጥብ አንድ ዴሲቤል ሊሆን የሚገባው ጫጫታ አንድ ነጥብ ስድስት ሆኖ ተገኘ። ግማሽ ዴሲቤል ለሌላው ሰው ምንም አይደለም። በዚህ ሙያ ግን ደንበኛ ወንበሩን ገፍቶ የሚነሣበት ነገር ነው።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ኬብል ተቀየረ፣ ሰሌዳ ተቀየረ፣ መለኪያው ራሱ ተለካ። ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። የክፍሉ ኃላፊ ሃይሳም፣ ድሮ የሩሽዲ ተማሪ የነበረው፣ በመጨረሻ ጥፋተኛ አገኘሁ አለ። ሃይሳም ክፉ ሰው አይደለም፤ ችኩል ነው፤ ችኩል አለቃ ደግሞ አንድ ሰው ላይ ጣቱን ካልቀሰረ እንቅልፍ አይወስደውም። ጣቱን የቀሰረው ዩምና ላይ ነው። ዩምና የሩሽዲን ንድፍ ወደ ብረት ሥዕል የምትለውጥ ኢንጂነር ናት፤ ቺፑ ላይ ትልቁን ቦታ የሚይዘውን ጠመዝማዛ የብረት ጥቅልል የሳለችው እሷ ናት። ኮንትራቷ በወሩ መጨረሻ ያልቃል። በግብፅ የሥራ ሳምንት በሚጀምርበት በእሁድ፣ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ከደንበኛው ጋር ስብሰባ አለ፤ ሃይሳም እዚያ ላይ ጥፋቱ የጥቅልሉ ሥዕል መሆኑን፣ ሥዕሉም ሠሪዋም እንደሚቀየሩ ሊናገር ወስኗል።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሩሽዲና ዩምና የመለኪያው ክፍል ውስጥ ነበሩ። ክፍሉ ዙሪያውን በመዳብ መረብ የተለበጠ ነው፤ የሬዲዮ ሞገድ አይገባም፣ ስልክ በር ላይ ያለ ቅርጫት ውስጥ ይቀራል። ሩሽዲ ከሄሊዮፖሊስ ሰፈር ሁሉ የሚወደው ቦታ ይሄ ነው። ውጭ ካይሮ ጡሩንባዋን ስትነፋ ትውላለች፤ እዚህ ውስጥ ግን ጸጥ ያለ ነው።

በሩ ተንኳኳ። ሻይ የሚያፈላው ዐም ገሪብ ነው።

“ሻይ!” አለ ከውጭ።

“እየለካን ነው፣ ዐም ገሪብ! በር አይከፈትም!” አለች ዩምና።

“ሦስት ሳምንት ሙሉ እየለካን ነው ትሉኛላችሁ። እኔ እንኳ የባሕርን ውሃ በብርጭቆ ለክቼ እጨርስ ነበር። ይቀዘቅዛል እንግዲህ፣ እኔ የለሁበትም።”

ዩምና አልሳቀችም። ሌላ ጊዜ ቢሆን መልስ አታጣለትም ነበር። ወረቀቱን ወደ ሩሽዲ ገፋችው።

“ባሽሙሃንዲስ፣ ይቺን ይዩልኝ እስቲ።” ካይሮ ውስጥ ኢንጂነር ሁሉ ባሽሙሃንዲስ ነው፤ መነጽር ያደረገ ሰው ሁሉም ባሽሙሃንዲስ ነው፤ መኪና የሚጠብቀው ልጅ ራሱ ካኮረፈ በቀር ሌላ ስም አይጠራም። ዩምና ስትለው ግን ከልቧ ነው። “ሰባቱ ደረጃዎች ልክ እንዳሰላነው ናቸው። አንድም እንከን የላቸውም። ስምንተኛው ላይ፣ ሙሉ ለሙሉ ሲከፈት፣ ጉድ ይፈላል።”

“ሞገዱ በጥቅልሉ የሚያልፈው ስምንተኛው ላይ ብቻ ነው” አለ ሩሽዲ።

“ታዲያ ለዚህ አይደል አለቃችን የሚጮህብኝ! ጥቅልሉ የዩምና፣ ጥፋቱም የዩምና። እሺ፣ ጥቅልሉ ልጄ ነው፣ አልክድም። ግን ልጄ ሌባ አይደለም። ይሄው ይዩት፣ የሚሠራበት ፍሪኩዌንሲ ራሱ ወደ ላይ ሸሽቷል። የሆነ ነገር አጠገቡ ቁጭ ብሎ ጉልበቱን እየበላው ነው።”

“ምን ዓይነት ነገር?”

“ዝግ ብረት ነዋ፣ ቀለበት ነገር። እርስዎ አይደሉ እንዴ ያስተማሩኝ? ‘ጥቅልል አጠገብ ዝግ ብረት አይቀመጥም፤ ኤሌክትሪክ ይዞርበትና ጉልበት ይጠጣል’ እያሉ ጆሮዬን ያደነቆሩኝ? እኔ ደግሞ ዙሪያውን ስልሳ ማይክሮን ባዶ ትቼለታለሁ። ባዶ! አንዲት ፍንጣቂ ብረት የለችበትም። አሥራ አንድ ጊዜ እንደገና አሰላሁት፣ አሥራ አንድ ጊዜ አንድ ነጥብ አንድ አለኝ። እናቴ ‘በእንቅልፍሽ ቁጥር ትቆጥሪያለሽ’ ትለኛለች።”

ሩሽዲ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ መለሰው።

ባዶ አልነበረም። እሱ ሞልቶት ነበር።

“ወደ ፋብሪካ የሄደውን ፋይል ይስጡኝ” አለች ዩምና። “የኔን አይደለም፣ የሄደውን። ምናልባት ፋብሪካው የሆነ ነገር ጨምሮበት ይሆናል። የላኩት እርስዎ ስለሆኑ እርስዎ ጋ ብቻ ነው ያለው።”

“እሰጥሻለሁ” አለ ሩሽዲ። ድምፁ የሌላ ሰው መሰለው። “እሁድ።”

“ስብሰባው እኮ እሁድ ነው!”

“በጠዋት እሰጥሻለሁ፣ ልጄ። አሁን ራሴን አሞኛል።”

ራሱን አላመመውም። ፈራ እንጂ።

ከሃያ አራት ዓመት በፊት፣ ሰባት ጓደኛሞች ከዩኒቨርሲቲ መምህርነት ወጥተው በሰፍወት አያት ሳሎን ውስጥ ድርጅት ከፈቱ። ድርጅት ማለት ሦስት ኮምፒውተር፣ አንድ የተሰበረ ሶፋና ሰባት እልኸኛ ነው። የመጀመሪያውን ቺፕ ፋይል ወደ ፋብሪካ በላኩበት ከሰዓት፣ ጠዓሚያ የሚባለውን የባቄላ ጥብስ እየበሉ፣ እያንዳንዱ የስሙን የመጀመሪያ የዓረብኛ ፊደል ከቺፑ የላይኛው ብረት ላይ ሳለ። ይሄ በሙያው የታወቀ ልማድ ነው፤ በዓለም ላይ ስንቱ ቺፕ ሆዱ ውስጥ ማንም የማያየው ስም፣ ዓሣና ድመት ተሸክሞ እንደሚኖር ፈጣሪ ይወቀው። ናጂ፣ ቡትሮስ፣ ሙኒር፣ ዒማድ፣ ገላል፣ ሩሽዲ ጻፉ። ሰፍወት መጨረሻ ላይ መጣና ሷድ የምትባለውን ፊደሉን ጭራዋን አርዝሞ፣ አሳምሮ ሳላት። ከዚያም ሰባቱን ፊደላት በአንድ የብረት ቀለበት ከበባቸውና “በቃ! የገባ አይወጣም!” ብሎ ጮኸ። ሁሉም ሳቁ። ሩሽዲ በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ስቆ አያውቅም።

የገባ ሁሉ ወጣ። ናጂ ቴክሳስ ሄደ። ቡትሮስ ሞንትሪያል፣ ሙኒር ዱባይ። ሰፍወት ሙኒክ ገብቶ ትልቅ ሰው ሆነ። ገላል አሌክሳንድሪያ ውስጥ የመዋኛ ገንዳ ፓምፕ ይሸጣል፤ ከሁላቸው የተሻለ ያገኛል ይባላል። ዒማድ ሞተ። ድርጅቱ ተሸጠ፣ እንደገና ተሸጠ፣ ስሙ ሁለት ጊዜ ተቀየረ። ሩሽዲ ብቻ ከነወንበሩ ቀረ።

ቀለበቱንም አልተወውም። ፍተሻው ሁሉ አልቆ፣ ፋይሉን ማንም መንካት በማይችልበት ሰዓት፣ ላኪው እሱ ነውና፣ ከቺፑ ራቅ ካለ ማዕዘን ላይ ሰባቱን ፊደላት ከነቀለበታቸው ያስቀምጣል። የሰፍወትን ሷድ ጭራዋን እንኳ ሳያሳጥር፣ እንደዚያ ቀን። ከሌላ ነገር ጋር ያልተገናኘ ብረት ስለሆነ ኮምፒውተሩ ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ለማንም ተናግሮ አያውቅም፤ ለጓደኞቹም። ከዚያ ወዲህ በአሥራ ሦስት ቺፖች ላይ ያስቀመጣቸውን ቀለበቶች በማይክሮስኮፕ ፎቶ አንሥቶ ቤቱ መሳቢያ ውስጥ አኑሯል። ጡረታ በሚወጣበት ቀን ለሁሉም ሊልክላቸው ነበር። እንዴት እንደሚደነግጡ፣ ሰፍወት ምን እንደሚል፣ ስንት ጊዜ በሐሳቡ ተጫውቶታል።

አሥራ አራተኛውን፣ የአሁኑን ቺፕ ፋይል በላከበት ቀን ጠዋት፣ የጓደኛሞቹ የስልክ ቡድን ላይ “የመጨረሻ ቺፔን ዛሬ ልልክ ነው” ብሎ ጻፈ። አምስቱም አዩት። ናጂ የአውራ ጣት ምልክት ላከ። ሌሎቹ እሱንም አልላኩም። ሩሽዲ እስከ ከሰዓት ድረስ ስልኩን እያነሣ ሲያስቀምጥ ዋለ። ፋይሉን ሲከፍት ቺፑ ትንሽ ነው፣ ማዕዘኖቹ ሁሉ ተይዘዋል፤ ከጥቅልሉ አጠገብ ግን ሰፋ ያለ፣ ንጹሕ፣ ባዶ ቦታ አየ። ደስ አለው። ጭራሽ ቀለበቱን ከወትሮው አተለቀው። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ጥቅልል አጠገብ ዝግ ብረት አይቀመጥም ሲል የኖረ ሰው፣ ቀለበቱ ብረት መሆኑ አልታየውም። ለሱ ብረት አልነበረም።

ዓርብ ቤቱ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ ከልጅ ከልጅ ልጁ ጋር ምሳ ይበላል፤ በየበሩ የተጠበሰ ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። ሩሽዲ ኩሸሪ፣ ማካሮኒ ከሩዝና ከምስር ጋር፣ ገዝቶ ከነካርቶኑ በላ። ጠረጴዛው ሁለት ወንበር አለው፤ ሁለተኛው የጋዜጣ ማስቀመጫ ነው።

ዝም ማለት ይችላል። ይሄን ከራሱ አልደበቀም። ወደ ፋብሪካው የሄደውን ፋይል የሚያየው እሱ ብቻ ነው። ቺፑ ሰሌዳው ላይ የሚጣበቀው በፊቱ ተደፍቶ ነውና ቀለበቱን ያየ ሰው የለም፤ ያልተጣበቁት ቺፖች የሱ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎባቸዋል። በሚቀጥለው ዙር ቀለበቱን ያጠፋዋል፤ ጫጫታው ይወርዳል፤ ሁሉም አዲሱ ጥቅልል አዳነን ይላል። ሩሽዲ በአበባና በኬክ ይሸኛል። ዩምና ግን ያኔ አትኖርም፤ ጥቅልል መሳል የማትችል ተብላ ትሄዳለች። ካይሮ ውስጥ የዚህ ሙያ ሰው እርስ በርሱ ይተዋወቃል። ወሬው ከሷ ቀድሞ ይደርሳል።

“ወጣት ናት፣ ሌላ ታገኛለች” አለ ጮክ ብሎ። ባዶ ቤት ውስጥ ሲሰማው አሳፈረው።

የቺፑን ትልቅ ባለቀለም ሥዕል፣ ዩምና አትማ የሰጠችውን፣ ከጥቅሉ ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ቀለበቱ የሌለበት የሷ ሥዕል ነው። ጥቅልሉ መሃል ላይ፣ ዙሪያውን ነጭ። ነጩን ቦታ በጣቱ ዞረው። አንድም ሽቦ አላቋረጠውም፤ ሽቦዎቹን ሁሉ ሩቅ መንገድ አዙራ፣ ለአንዷ ሽቦ ሦስት ቀን ደክማ፣ ይሄን ቦታ ባዶ ያቆየችው እሱ ስላላት ነው። ሃያ አራት ዓመት ስንቱን አስተምሯል። ሃይሳም ራሱ ግማሹን ነው የያዘው። ይቺ ልጅ ግን ሰምታዋለች። የተናገረውን ቃል በቃል የሰማው ሰው ቢኖር እሷ ናት፤ እሱ ደግሞ ስልኩ ላይ መልስ የሚጽፍለት ሰው ሲጠብቅ ውሎ፣ ሰምታ ባዶ የተወችለትን ቦታ ሞላው።

ሥዕሉን አልጠቀለለውም። ሌሊቱን እዚያው ተዘርግቶ አደረ፤ ቅዳሜም ዋለ።

እሁድ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ቢሮ ሲደርስ ዩምና ቀድማዋለች። ዓይኗ አብጧል።

“ፋይሉን አመጡልኝ?”

“ከፋይሉ የተሻለ አምጥቻለሁ። ነይ።”

መለኪያው ክፍል ገብተው ያልተጣበቀ ቺፕ ከትንሿ ሳጥን አወጣ፤ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ማይክሮስኮፑ ሥር አስቀመጠው። የመለኪያ መርፌዎቹን አወረደ። አንድ ነጥብ ስድስት። ያው ነው።

“እዪው” አላት።

ዩምና ጎንበስ ብላ በማይክሮስኮፑ ተመለከተች። ቀና አላለችም። ሩሽዲ የአንገቷን ጀርባ እያየ ቆመ።

“ይሄ ምንድን ነው?”

“የኔ ጥፋት ነው።”

“ፊደል ነው እኮ! ማነው... እርስዎ ነዎት? ከፍተሻው በኋላ?” አሁን ቀና አለች። “ጥቅልሌ አጠገብ? ያውም ዝግ ቀለበት?”

“አዎ።”

“ሦስት ሳምንት!” አለች ዩምና። እንባዋ ሲመጣ ደግሞ ይባስ ተናደደች። “ሦስት ሳምንት ሙሉ እዚህ አጠገቤ ቁጭ ብለው ‘ኬብሉን እንቀይር’ ይሉኛል! እኔ እኮ አብጄ ነው ብዬ ነበር። እጄን ማመን አቁሜ ነበር። ለእናቴ ሥራዬን ላጣ ነው፣ ጥፋቱም የኔ ነው አልኳት፤ የኔ ነው አልኳት እኮ!”

“እስከ ሐሙስ ድረስ አላወቅኩም። ሐሙስ አንቺ ስትናገሪ ነው የታወሰኝ።”

“ታዲያ ሐሙስ ለምን አልነገሩኝም?”

ሩሽዲ ብዙ መልስ ነበረው። ሁሉም ሲቀርቡት ረከሱበት።

“ፈርቼ” አለ።

ዩምና ፊቷን በሻሿ ጫፍ ጠረገች። ከዚያ የሙያ ነገር ሆነባትና ተመልሳ ጎንበስ አለች።

“ቀለበቱ አንድ ቦታ ቢከፈት ኤሌክትሪኩ አይዞርበትም። የቺፕ መቁረጫው ሌዘር ይሠራል?”

“ይሠራል።”

“እንግዲያው ይቁረጡት። በዓይኔ ልይ። በየት በኩል ይሆናል?”

ሩሽዲ ማይክሮስኮፑ ላይ ጎነበሰ። አሥራ አራት ጊዜ የሳለው ነገር፣ ጎልቶ፣ ወርቃማ ሆኖ ከሥሩ ተዘርግቷል። ከናጂ ጀምሮ አንድ በአንድ አያቸው። የሌዘሩን ምልክት ወደ ግራ አዙሮ፣ ራ የምትባለው የራሱ ፊደል ካለችበት ፊት ለፊት አቆመው። ቁልፉን ተጫነ። አንዲት ብልጭታ ታየች፤ ሁለተኛ ተጫነ። ቀለበቱ ላይ ከፀጉር የቀጠነ ጥቁር ክፍተት ተፈጠረ። ድምፅ እንኳ አልነበረውም።

“አንድ ነጥብ አንድ አራት!” ዩምና መለኪያው ፊት ዘልላ ቆመች። “አንድ ነጥብ አንድ አራት፣ ባሽሙሃንዲስ! ይሄው ልጄ!” ንዴቷም ደስታዋም አንድ ላይ ፊቷ ላይ ተሯሯጡ። “አራቷ መቶኛስ የት ቀረች?”

“የሷዷ ራስ ዝግ ናት። ትንሽ ትበላለች።”

“የማን ናት?”

“የሰፍወት።” ከዚያም ሳትጠይቀው የሰባቱንም ስም ነገራት፤ ማን የት እንዳለ፣ ማን እንደሞተ። ነገሩ ሲነገር አጭር ሆነበት። አንድ የሻይ ብርጭቆ እንኳ አይጨርስም።

“ሰዎቹ ያውቃሉ? እየሳሏቸው መኖርዎን?”

“አያውቁም። በድንገት ላሳያቸው ብዬ ነው።”

ዩምና ሁለቱን ቁጥሮች ወረቀት ላይ ጻፈች።

ሃይሳም ስብሰባው ሊጀመር ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ነገሩን ሰማ። መጀመሪያ ሩሽዲ የሚቀልድ መሰለው። ከዚያ ማይክሮስኮፑን አየ፣ ሁለቱን ቁጥሮች አየ፣ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

“እርስዎ!” አለ። “ሌላ ሰው ቢሆን እኮ ይገባኛል። ፍተሻ ያለቀለት ፋይል አይነካም ብለው እኔን ራሴን ክፍል ውስጥ አቁመው የሰደቡኝ እርስዎ!”

“አስታውሳለሁ።”

“ለደንበኛው ምን ልበል? ሽማግሌያችን ስም ጻፈበት ልበል?”

“እንደዚያ በል። ጥቅልሉ እንከን የለውም፣ የሳለችውም ዩምና ናት በል። እኔ ራሴ ገብቼ እናገራለሁ።”

ገብቶም ተናገረ። የደንበኛው ሰዎች ከስክሪኑ ውስጥ ሆነው እርስ በርስ ተያዩ፤ አንደኛው ሳቁን በሳል ሸፈነው። ሩሽዲ ጆሮው ድረስ ጋለ። ንግግሩን ግን ጨረሰ። ቀለበቱን ያጥፉ፣ አዲሱን ይላኩ፣ ተባለ። ሃይሳም ከስብሰባው ሲወጣ ዩምናን “ኮንትራትሽን ነገ እንፈራረማለን” አላት፤ ይቅርታ ግን አልጠየቃትም፤ እሱ እንደዚህ ነው። ወደ ሩሽዲም ዞሮ፣ ዓይን ዓይኑን ሳያይ፣ ከዛሬ ጀምሮ ፋይል የምትልከው ዩምና መሆኗን ነገረው። ሩሽዲ የይለፍ ቃሉን ወረቀት ላይ ጽፎ ሰጣት።

ማክሰኞ ከሰዓት ዩምና አዲሱን ፋይል አዘጋጅታ ጠራችው። ወንበሯን ለቀቀችለት።

“ማጥፋቱን እርስዎ ያድርጉት” አለች። “ከፈለጉ ደግሞ... በወዲያኛው ጥግ፣ ከጥቅልሉ ሩቅ፣ ትንሽ ቦታ ላገኝልዎ እችላለሁ። ቀለበት ሳይኖረው። አስፈትሼው፣ ለሃይሳምም ነግሬው።”

ሩሽዲ አሰበበት። ሐሳቡ ደግ ነው፤ ደግነቱ አንጀቱን በላው።

“አይ” አለ። “ይቅር። መቼም ፎቶዎቹ አሉኝ።”

ሰባቱን ፊደላት ከነቀለበታቸው መርጦ አንድ ቁልፍ ተጫነ። ጥቅልሉ ዙሪያውን ነጭ ሆነ። ዩምና ፋይሉን ላከችው።

ወደ ወንበሩ ሲመለስ ዐም ገሪብ ሻይ አምጥቶለት ነበር። ጡረታ የሚወጣበትን ቀን መጠበቁ ትርጉም አጣበት። ሌዘሩ ከቆረጠው በኋላ ያነሣውን ፎቶ፣ ያንን አንዱን ብቻ፣ የጓደኛሞቹ ቡድን ላይ ላከው። ምንም አልጻፈበትም። ማብራሪያ የሚያስፈልገው ነገር አልመሰለውም።

ሻዩን ግማሽ ሲያደርስ ስልኩ ተንቀጠቀጠ። ሰፍወት ነው፣ ከሙኒክ። የሩሽዲ ልብ እንደ ልጅ ልብ ደነገጠ።

“ማሻ አላህ! አዲሱ ቺፕህ ነው? እጅህ ይባረክ” ይላል። ትንሽ ቆይቶ ሁለተኛ መልእክት መጣ። “ያቺ ጭራዋ የረዘመችው ሷድ ታምራለች። የማን ናት?”

ሩሽዲ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጠረገና መልሶ አጠለቀው። መልእክቱ ያው ነው። መልስ ጀመረ፣ አጠፋው። እንደገና ጀመረ። የሰፍወት አያት ሳሎን፣ የተሰበረው ሶፋ፣ ጠዓሚያው፣ ሁሉንም ሊጽፍለት አስቦ ነበር፤ ጣቱ እምቢ አለው።

“የአንድ ጓደኛዬ ናት” ብሎ ጻፈለት።

ሰፍወት አውራ ጣት ላከ።